የእኔ አይደለም ያልኩት መንጋ

ሠላሳ ዓመት ያህል የውኃ ቆጣሪ ሳነብ ነው የኖርኩት። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ሰው አያምንም። ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጓሮው ግን በጎመንና በቆስጣ የተጥለቀለቀ ግቢ ስንቱን አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ሻይ ካልጠጣህ ሞተን እንገኛለን ሲሉኝ፣ እኔ ቆጣሪውን ትቼ ሻዩን መጠርጠር እጀምራለሁ። ጡረታ ስወጣ ደብተሩን አስረከብኩ፤ ዓይኔን ግን ይዤው መጣሁ። ባለቤቴ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ እንኳ ሰው ትመረምራለህ፣ ካንተ ጋር መውጣት ያሳቅቃል ትለኛለች።

ንብ ማነብ የጀመርኩት ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ነው። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ከከተማ ወጣ ብሎ የሦስት ቀን ሥልጠና አለ ብሎ ወሰደኝ። ሄጄ ስመለስ አንድ ዘመናዊ ቀፎ ከነንቡ በፒክአፕ አስጭኜ መጣሁ። ዘመናዊ ቀፎ የሚሉት የእንጨት ሣጥን ነው፤ ውስጡ ፍሬም የሚባሉ የእንጨት ማዕቀፎች ጎን ለጎን ተሰድረውበታል፤ ንቦቹ የማር እንጀራቸውን በየፍሬሙ ላይ ይሠራሉ። አንዱን ፍሬም መዝዞ አይቶ መመለስ ይቻላል። እኔን የማረከኝ ይህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ግቢ ስፈትሽ ኖሬ፣ አሁን ከፍቼ የምፈትሸው የራሴ ቤት አገኘሁ።

የምንኖረው ቀራንዮ ነው። ሰፈራችን አሮጌው የጭቃ ቤት ከአዲሱ ፎቅ ጋር ትከሻ ለትከሻ የቆመበት ነው፤ የአንዱ ቤት ወጥ ሲያር ሌላው ቤት ያሉትን ያስነጥሳቸዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ንብ አለኝ ማለት ራስን ለክስ ማቅረብ መሰለኝ። በሌላ ሰፈር አንድ ሰው ንቦቹ አህያ ነድፈውበት ጎረቤት ቀፎውን በቤንዚን አቃጠለበት ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም፤ ለእኔ ወሬው በቂ ነበር። ስለዚህ ቀፎዬን ከማድቤቱ ጀርባ፣ ከግራዋው ሥር ደበቅኩት። ዙሪያውን በቆርቆሮ ጋረድኩት። ንቦቹ ከቆርቆሮው በላይ ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ስለሚነሡ ከየት እንደመጡ ማንም ሊያውቅ አይችልም ብዬ ደመደምኩ። ለባለቤቴም ለሰው እንዳትናገሪ አልኳት። እሷ ለማን ልናገር፣ ጣውንት አመጣብኝ ልበል? አለችኝ። ከዚያ ጀምሮ ንግሥቲቱን የምትጠራት ጣውንቴ እያለች ነው።

በአንድ ቀፎ ውስጥ አንዲት ንግሥት ናት ያለችው። የገጠር ሰው አውራ ይላታል። እንቁላል የምትጥለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ከሌለች የቀሩት ሠርተው ሠርተው ያልቃሉ። በሥልጠናው ላይ ከሺህ ንብ መሐል በቀላሉ እንድትታይ ጀርባዋ ላይ ቀለም ማድረግ ጥሩ ነው ተብለን ነበር። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቀለም የት እንደሚሸጥ አላወቅሁም። አሠልጣኛችን ግን የጥፍር ቀለምም ይሆናል ብሎናል።

ከቤቴ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ ኩርባው ላይ አንዲት ሱቅ አለች። ባለሱቋ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ እትዬ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ኩላሊታቸው ታሞ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ሱቁ በር ላይ በእንጨት ወንበር ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ ጣል አድርገው ይውላሉ። የጥፍር ቀለም የገዛሁት ከዚያች ሱቅ ነው። እትዬ ለማን ነው? አሉኝ። ለሥራ ነው አልኩ። ጡረተኛ መሆኔን ያውቃሉ። ቀዩን ነው ሮዙን? አሉ። ከሩቅ የሚታየውን ስጡኝ አልኳቸው። ቀዩን በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ሰው ሲጠረጥር አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነበር። ይቺ ሴትዮ ስለ ቀፎው አንድ ነገር ሰምታለች ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። በዚያው ቀን ንግሥቲቱን ፈልጌ ጀርባዋ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አደረግኩባት።

ከዚያ በኋላ እትዬ የሚሉትን ሁሉ መመዘን ጀመርኩ። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ስሄድ ዘንድሮ ንብ በዝቷል፣ ለስላሳው ሣጥን ላይ ሠፍሮ አልነሣም አለ አሉኝ። እኔም አደዩ ሊፈነዳ ስለሆነ ይሆናል አልኩና መልሴን ሳልቀበል ወጣሁ። ኋላ ሳስበው መልሴን ጥዬ መውጣቴ ራሱ ያስጠረጥራል። በማግሥቱ ተመልሼ ለመውሰድ ደግሞ ድፍረቱን አጣሁ።

ከእሳቸው ይልቅ ያስፈራኝ ባለቤታቸው ነበሩ። ሰውየው አይናገሩም። እንደዚያ ተቀምጠው መንገደኛ አያዩም፣ መኪና አያዩም፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚያዩት ወደ እኛ ጣሪያ በኩል ነው። ሳልፍ ሰላም ይሉኛል፣ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው ወደ ላይ ይመለሳል። ምን እየቆጠሩ ነው? አንድ ቀን ሆን ብዬ ከፊታቸው ቆሜ ስለ ዝናቡ አወራኋቸው። በጨዋነት መለሱልኝ፤ ግን ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ከትከሻዬ በላይ ማየታቸውን አልተዉም። ማስረጃ እያሰባሰቡ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሰውየው ታማሚ ነው፣ ሰማይ ቢያይ ምን አለበት? አለች።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ በራችን ተንኳኳ። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፤ ዓይን ከፍታ ላይ ስንጥቅ አለው። ጠጋ ብዬ ሳይ የእትዬ ባለቤት ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው በከባዱ ይተነፍሳሉ። ከሱቁ እዚህ ድረስ መምጣት ለሳቸው ቀላል አልነበረም። ሊከሱኝ ነው የመጡት፣ ቢያንስ ሊያስጠነቅቁኝ ነው ብዬ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ደግመው አንኳኩ። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ።

ከአራት አምስት ቀን በኋላ እንደገና መጡ። እኔም እንደገና ከስንጥቁ ጀርባ ቆምኩ። በዚህኛው ቀን በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ሲያንኳኩ ቆይተው ፌስታሉን የበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠሉትና ሄዱ። እስኪርቁ ጠብቄ ወጣሁ። ፌስታሉ ውስጥ በክር የታሰረ እፍኝ ሣር ነው ያለው። ሣር በክር አስሮ ሰው በር ላይ የሚያንጠለጥል ምን ፈልጎ ነው? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም እላለሁ፤ ግን በእጄ አልነካሁትም። በመጥረጊያ እንጨት አንሥቼ ቱቦ ውስጥ ወረወርኩት። መጥረጊያውንም አጠብኩት። ባለቤቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ መተት ነው አልኳት። ሸተተኝ እኮ፣ ጠጅ ሣር ነው የሚለው አለች። በጠጅ ሣርም ይሠራል አልኳት።

መስከረም ሲጋመስ የእትዬ ባለቤት ዐረፉ። መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ፤ የዕድራችን ድንኳን ከሱቁ ፊት ተተከለ። ድንኳኑን ሲተክሉ ገመድ ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከሞቱ ወዲያ ጥርጣሬዬ ትንሽ አሳፈረኝ፤ የቀለለኝ መሆኑን ግን አልክድም። የሚያየኝ ዓይን አንድ ቀነሰ ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ንፍሮ እየቃምን፣ አንድ ትልቅ ድምፅ መጣ። በድንኳኑ መግቢያ በኩል ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ በንብ ጠቁሯል። ሴቶቹ በነጠላቸው ተሸፋፈኑ፤ አንዳንዱ ወንበሩን ጥሎ ወጣ። መንጋው ከራሳችን በላይ ሲዞር ቆይቶ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ባለው ምሰሶ ተጠቅልሎ ዐረፈ። አንድ ክንድ የሚያህል ሆኖ ተንጠለጠለ። የመጣበት አቅጣጫ በእኛ ቤት በኩል ነበር። ሁሉም የሚያየኝ መሰለኝ። ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ከመናገሻ ጫካ የመጣ ይመስለኛል አልኩ።

የሟች ታላቅ ወንድም በዚያ ጧት ከጎጃም ደርሰው ነበር። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተነሡና ሰውን አረጋጉ። ቤት የሌለው ንብ አይናደፍም፣ አትረብሹት አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ባለቤት አለው? ብለው ጠየቁ። የዕድሩ ዳኛ እዚህ ሰፈር ማን ንብ ይይዛል? አሉና ግራ ቀኝ አዩ። እኔም ማንም የለም አልኩ። ድምፄ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ።

ሽማግሌው ከሱቁ የብስኩት ካርቶን አስመጡ። የሱቁ ጓሮ ውስጥ ከበቀለው ጠጅ ሣር እፍኝ ነቅለው ካርቶኑን ከውስጥ በኩል ደህና አድርገው አሹት። ለምን እንደሚያሹት ሲጠየቁ ንብ ሽታውን ይወደዋል፣ ቤት ይመስለዋል አሉ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቱቦ ውስጥ የወረወርኩት ፌስታል ትዝ አለኝ። ትዝ ቢለኝም ለማሰብ አልፈለግኩም። እሳቸው ካርቶኑን ከመንጋው ሥር ይዘው ምሰሶውን አንድ ጊዜ በኃይል አናወጡት፤ ንቡ እንደ ጤፍ ተንዠቅዥቆ ገባ። ጎንበስ ብለው ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አዩ። ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ደግመው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እንደገና ጠየቁ።

«ባለቤት ካለው አሁን ይናገር። ኋላ ነውር ነው።»

አንዴ ተጠይቆ የተመለሰ ነገር ለምን ይደገማል? ይህ ሰውዬ አንድ ነገር ሊያወጣጣ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። አንገቴን ደፍቼ ንፍሮዬን ማኘክ ቀጠልኩ። ማንም አልተናገረም። እንግዲያው ለሟች ቤት ነው አሉና ካርቶኑን ወደ ጓሮ ይዘውት ገቡ። በማግሥቱ ከቀርከሃ ቀፎ ሠርተው፣ በእበት ለቅልቀው፣ ከሱቁ ጀርባ ጣሪያው ጥግ ላይ ለእትዬ አስቀመጡላቸው። ሐዘኑ ሲያበቃ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ቀፎዬን ቶሎ አልከፈትኩትም። ለቀስተኛው ገና ይመላለስ ነበር፤ ንቦቹን አስቆጥቼ አንድ ሰው ቢነደፍ ጉድ ይፈላል። የከፈትኩት ሳምንት ሲሞላ ነው። ዓይነ ርግቤን አጥልቄ፣ በማጨሻው ጭስ ሰጥቼ ክዳኑን ሳነሣ፣ ሣጥኑ በንብ ሙሉ ነው። ደስ አለኝ። እነሆ፣ ንቦቼ እዚሁ አሉ፤ ያ መንጋ የእኔ አልነበረም፤ እኔም አልዋሸሁም። ውሸቴን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያመንኩት እኔ ነኝ።

ፍሬሞቹን ስመዝዝ ታች ጫፋቸው ላይ ለውዝ የሚመስሉ ረዘም ያሉ የሰም ቤቶች ተንጠልጥለዋል። የንግሥት ቤቶች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አዲስ ንግሥት ታድጋለች። በሥልጠናው ላይ እነዚህን ካያችሁ ንቡ ሊከፍል ነው፣ መንጋ እንዳይወጣባችሁ ቁረጧቸው ተብለን ነበር። አሠልጣኙ ከዚያ በፊት ግን አሮጊቷ ንግሥት መኖሯን አረጋግጡ ብሎም ነበር። ይህኛውን ያስታወስኩት ኋላ ነው። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ መንጋ ከዚህ ግቢ ከወጣ አለቀልኝ። በቢላዋ አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው። ዘጠኝ ነበሩ። አንዱንም አላስቀረሁም።

ከዚያ ንቡ ተለወጠ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ሣጥኑን ጠጋ ስል ድሮ የሚሰማው የተረጋጋ ዜማ ቀርቶ የሚያለቅስ የሚመስል ነገር ይሰማል። ያለ ምክንያት ይነድፉኝ ጀመር። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቼ ስከፍት፣ እንቁላል የለም፤ እጭ የለም። ያቺን ቀይ ነጥብ ፍለጋ ፍሬሞቹን ሦስት ጊዜ አገላበጥኳቸው። ሦስተኛው ላይ እጄን አቁሜ ማሰብ ጀመርኩ። አሮጊቷ ንግሥት ግማሹን ንብ ይዛ በዚያን ቀን ረፋድ ወጥታለች። ለቀሩት የተወችላቸውን ዘጠኝ ልጆች በገዛ እጄ ገድያለሁ። አዲስ ንግሥት የሚያሳድጉበት ትኩስ እንቁላል ቤት ውስጥ የላቸውም። ካልመጣላቸው ደግሞ ኅዳር ሳይወጣ ያልቃሉ። በቆጣሪ ሥራዬ ብዙ ሰው ጥፋተኛ አድርጌአለሁ፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ጥፋት ግን አላጋጠመኝም። ግራዋው ሥር ቁጭ ብዬ አዘንኩላቸው። ባለቤቴ ምነው? ስትለኝ ጣውንትሽ ሄዳለች አልኳት። መሳቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው።

የሚያድናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቁላል ያለበት አንድ የማር እንጀራ። እንቁላሉን ካገኙ ንቦቹ ራሳቸው ንግሥት ያሳድጉበታል። ይህ እንጀራ ደግሞ ያለው አርባ እርምጃ ርቆ፣ የእኔ አይደለም ብዬ በሰው ፊት የካድኩት ቀፎ ውስጥ ነው። ሁለት ቀን አሰብኩ። የእኔ ነው ልበል? ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። በለቅሶ ላይ ዋሸ እባላለሁ። ዝም ብዬ ልተዋቸው? አልቻልኩም። በመጨረሻ ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ፤ አሁንም በመዋሸት።

አመሻሹ ላይ ወደ እትዬ ሄድኩ። ንብ እንዳለዎት አውቃለሁ፣ እኔ ደግሞ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ደህና መሆናቸውን ላይልዎ አልኳቸው። ሐሳቤ አንዱን እንጀራ ተበላሽቷል ብዬ ቆርጬ ይዤ መሄድ ነበር። ጥቁር ለብሰው፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። ያ አስተያየት የጥፍር ቀለም የገዛሁ ቀን ያየሁት ነው። እንግዲያው ና እየው አሉና ሱቁን ዘግተው ወደ ጓሮ አስገቡኝ። ራሳቸው በርጩማ አምጥተው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ለምን ይቀመጣሉ? ሊጠብቁኝ ነው አልኩ በሆዴ።

የቀፎውን የኋላ ክዳን ከፍቼ ጭስ ሰጠሁ። የሠሯቸው እንጀራዎች ነጫጭና አዲስ ናቸው። ሁለተኛውን ገለጥ ሳደርግ፣ እንቁላሎቹ በየቤቱ እንደ ነጭ ክር ቁራጭ ቆመዋል። መሐላቸው ላይ ቀይ ነጥቧን ጀርባዋ ላይ ይዛ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ጋረድኳት።

«አትሸፍናት» አሉኝ ከኋላዬ። «ቀለሙን የሸጥኩልህ እኔ ነኝ።»

ዘወር ለማለት አልቻልኩም። እሳቸው ግን በዝግታ መናገራቸውን ቀጠሉ። የባለቤታቸው ወንድም በዚያን ቀን ካርቶኑ ውስጥ ቀዩን ነጥብ አይተው ነበር። ይህ ንብ ሰው አለው ብለው ነው ሁለተኛ የጠየቁት። ማታ ለእትዬ ሲነግሯቸው፣ እትዬ ወዲያው የእኔ መሆኑን ዐወቁ። እስከዚያ ድረስ ግን የጥፍር ቀለሙ ሌላ ነገር መስሏቸው ነበር።

«ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ስንት ወር ተቃጠልኩ» አሉ። «ሚስትህ ሱቅ በመጣች ቁጥር አፌ ላይ እየደረሰ መለስኩት። ቤት አላፈርስም ብዬ።»

እኔ እኮ የምጠረጥራቸው ይከሱኛል ብዬ ነበር። ይህን ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ንቦቹ ፊቴ ላይ ይዞራሉ፤ ማጨሻው በእጄ ላይ እየጠፋ ነው። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ባለቤታቸው ነገሩኝ። ልጅ ሆነው አባታቸው ቤት ንብ ነበረ። ከታመሙ ወዲህ ደስ የሚላቸው ነገር የእኔን ንቦች ማየት ብቻ ሆኖ ነበር። ዛሬ ቢጫ ይዘው ገቡ፣ ዛሬ ነፋስ አስቸገራቸው እያሉ ለእትዬ ይነግሯቸው ነበር። ነሐሴ ላይ የንቡን መብዛት አይተው፣ ይህ ቀፎ ሞልቷል፣ ሊከፍል ነው፣ ባዶ ቀፎ አዘጋጅቶ ካልጠበቃቸው ይሄዱበታል አሉ። እትዬም ሂድና ንገረው እንጂ አሏቸው። ሰውየው ደብቆ ነው የያዘው፣ በመንገድ ላይ ሰው ፊት አላነሣበትም፣ ቤቱ እሄዳለሁ አሉ።

«ሁለት ጊዜ ደጅህ መጥቷል» አሉኝ። «ሣሩንም ባዶ ቀፎ እሽበት ብሎ ነው የተወልህ።»

እንግዲህ ይህን ጊዜ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ቤት አልነበርኩም ብል ማንም አያውቅም፤ ሰውየውም አፈር ለብሰዋል። አንድ ዕድሜ ሙሉ የሰው ሰበብ ሰምቻለሁና ሰበብ አላጣም ነበር። ግን አልቻልኩም።

«ቤት ነበርኩ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ያውቃል» አሉ። «ጫማህን በበሩ ሥር አይቶታል።»

እግሬን አየሁ። ያንኑ ጫማ ነበር ያደረግኩት። አፈርኩ፤ ከማፈርም ያለፈ ነገር ተሰማኝና ዓይነ ርግቡ ውስጥ ዓይኔ ረጠበ። በዚያ ሰፈር ከእኔ ሌላ ንብ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። አርባ እርምጃ ርቆ ተቀምጦ በታመመ ሰውነቱ ሁለት ጊዜ መጣልኝ፤ እኔም ሁለት ጊዜ በስንጥቅ አየሁት። ሣሩን በመጥረጊያ እንጨት እንደጣልኩት ግን ለእትዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ጫማዬን እንዳየሁ ቆሜ ሳለ እትዬ፣ ታዲያ አሁን ንቦቹ የማን ናቸው? ብለው ጠየቁኝ። የእኔ ነበሩ፣ ክጃቸዋለሁ፣ አሁን የእርስዎ ናቸው አልኳቸው። ዘጠኙን ንግሥት እንዴት እንደቆረጥኩ፣ ቤት የቀሩት እንዴት እያለቁ እንደሆነ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እንቁላል ያለበት አንድ እንጀራ ፈልጌ ነው የመጣሁት አልኩ። መጀመሪያ ያልኳቸው ውሸት መሆኑንም ጨምሬ። እሱንማ ስትገባ ነው ያወቅኩት፣ ሌላ ምን ልታይልኝ ትመጣለህ? አሉና ተነሥተው ቢላዋና ድር አመጡልኝ። ንግሥቲቱ የሌለችበትን አንድ እንጀራ ቆረጥኩ። እትዬ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉልኝ፤ እንዳይበርደው ብብትህ ሥር ያዘው አሉኝ።

ቤቴ ስደርስ እንጀራውን ባዶ ፍሬም ላይ በድር አሰርኩና ቀፎው መሐል አስገባሁት። በአራተኛው ቀን ገልጬ ሳይ፣ ድሩ ዙሪያ ሁለት ለውዝ የሚመስሉ ቤቶች ተጀምረዋል። አልነካኋቸውም። ክዳኑን እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ቀስ አድርጌ መለስኩ። የሚያለቅስ የሚመስለው ድምፅ በዚያው ሳምንት ቀረ። ወር ከምናምን ሲሆን እንቁላል አየሁ፤ እናቷን የምትመስል ቀጭን፣ ፈጣን፣ አዲስ ንግሥትም አየሁ።

ቀለም ልቀባት ስል የድሮው ብልቃጥ ደርቋል። ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሁለት የሰፈር ሴቶች ሽንኩርት እየመረጡ ነበር። የጥፍር ቀለም ስጡኝ ስል አንደኛዋ ቀና ብላ በፈገግታ ለማን ነው? አለችኝ። ድሮ ቢሆን ለሥራ ነው ብዬ እወጣ ነበር። ለንቤ ነው፣ ማድቤቱ ጀርባ ቀፎ አለኝ፣ በለቅሶው ቀን የመጣውም መንጋ የእኔ ነበር አልኳት። ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ወጣ። እሷም ሽንኩርቷን ሳትተው፣ እናውቃለን እኮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸው እዚህ ቁጭ ብለው ሲያዩዋቸው እኛም አብረን እናይ ነበር አለች።

እትዬ ቀለሙን ከመደርደሪያው እስኪያወርዱ ተቀመጥ እስኪ አሉኝ። በሩ ላይ ያለው ያ የእንጨት ወንበር ነው፤ ባለቤታቸው ከዐረፉ ወዲህ ማንም አላነሣውም። ፈራ ተባ እያልኩ ተቀመጥኩበት። አንገቴን ቀና ሳደርግ ጣሪያዬ ከፊት ለፊቴ ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ ከጀርባ እየመታቸው ንቦቼ ከማድቤቱ በላይ ይነሣሉ፣ ባሕር ዛፉን አልፈው ይሄዳሉ፣ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ከመንገዱ የሚሸፍናቸው ምንም ነገር የለም። እትዬ ቀለሙን በጋዜጣ ጠቅልለው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፤ እኔም ተቀምጬ ማየቴን ቀጠልኩ።